ከአንድ ገጽ አይበልጥም

ሰኞ 4

ይኸው አዲስ ደብተር። ያለፈው ሦስት ዓመት ቆየኝ፤ ይሄኛው ግን ወንዙ ሳይሞላ የሚያልቅ ይመስለኛል፤ የሰሞኑ አያያዝ እንደዚያ ነው። ከወንዙ ማዶ ያሉት ጎረቤቶቻችን ጦር እያስጠጉ ነው ይባላል። እኛም እያስጠጋን ነው። እነሱም ስለእኛ «ይባላል» ማለታቸው አይቀርም።

ለሰው የማልናገረውን እዚህ ልናገር። ፕሬዚዳንቱ በየማለዳው መጀመሪያ የሚያነቡት የእኔን የእጅ ሥራ ነው። ከመረጃ መሥሪያ ቤቱ፣ ከጦሩ፣ ከየኤምባሲው በቀን ሁለት መቶ ገጽ ይጎርፍልኛል። እኔ አንድ ገጽ አድርጌ አወጣዋለሁ። አንድ! ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ይህንኑ ስሠራ አራት ፕሬዚዳንት አሳልፌያለሁ፤ አንዳቸውም «ያልገባኝ ነገር አለ» ብለው አልጠሩኝም።

የአሁኑን ደግሞ ገና ከመጀመሪያው ሳምንት ነው ያስለመድኳቸው። «ክቡር ፕሬዚዳንት፣ ሁለተኛ ገጽ ላይ ያለ ነገር ቢጠቅም ኖሮ አንደኛው ላይ ይሆን ነበር» አልኳቸው። ከት ብለው ሳቁ። ከዚያ ወዲህ ሁለተኛ ገጽ የሚባል ነገር ገልጠው አያውቁም። ቢሮው «መቀሱ» የሚል ስም ያወጣልኝ በዚህ ነው። ፊት ለፊትም ይጠሩኛል። ቅር አይለኝም፤ እንዲያውም ደስ ይለኛል።

ረቡዕ 6

ዛሬ ደህና ነገር እጄ ገባ።

ወንዙን እየተሻገረ ዕቃ የሚያመላልስ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ለድንበር ሰዎቻችን የተናገረው ነው። ማዶ ባለችው ከተማ የባቡር ጣቢያ ውስጥ ሸራ የለበሱ ረጃጅም ነገሮች አይቷል፤ አርባ ይሆናሉ። ወረቀቱ ሦስት ገጽ ነው። አንዱ ቁም ነገር፣ ሁለቱ ወሬ። ስለ መኪናው ማርሽ፣ ስለ አንድ ሳቂታ ዘበኛ፣ ስለ ከተማዋ የውኃ ችግር ሲቀባጥር ውሎ ሁሉንም ጽፈውለታል። አይ የድንበር ሰዎች! የተነገራቸውን ሁሉ ነው የሚጽፉት።

እንደ ደንቡ ወረቀቱ ላይ ቢጫ ቁራጭ ተያይዛለች። ቢጫዋ ላይ ማን እንደተናገረ፣ በዓይኑ አየ ወይስ ሰማ፣ ምን ያህል እንደሚታመን ይጻፋል። የዚህኛዋ «ያየው ሸራውን ብቻ ነው። ሮኬት ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል» ትላለች። ነቀልኳትና መሳቢያዬ ውስጥ ከተትኳት። ማጠቃለያው ላይ ለቢጫ ቦታ የለም።

ከዚያ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «በማዶው የባቡር ጣቢያ አርባ ያህል ሮኬት ሊሆኑ የሚችሉ ረጃጅም ነገሮች ሸራ ለብሰው ቀናቸውን እየጠበቁ ነው።» «ቀናቸውን እየጠበቁ» የምትለዋ ከየት እንደመጣችልኝ እንጃ፤ ብቻ ስጽፋት የራሴን እጅ ጨበጥኩ። ጸሐፊዋ በታይፕ መትታ ስታመጣው ግን የገጹ መጨረሻ መስመር ወደ ሁለተኛው ወረቀት ተንጠልጥላለች። ምን ይደረግ? «ሮኬት ሊሆኑ የሚችሉ ረጃጅም ነገሮች» አምስት ቃል ነው። «ሮኬቶች» ቢባል አንድ ነው። ገጹ ልክክ አለ።

ዓርብ 8፣ ምሳ ሰዓት

መዝገብ ቤት ያለችው ሴትዮ እንደ ልማዷ መጣች። ጡረታ ልትወጣ አራት ወር ቀርቷታል፤ እስከዚያ አንድ ወረቀት እንዲጠፋባት አትፈልግም።

«አቶ መቀስ፣ ቢጫዎቼስ?»

«ሰሞኑን ሥራ በዝቶብኝ ነው። በሚቀጥለው ዓርብ አንድ ላይ ይወስዷቸዋል።»

«ባለፈው ዓርብም እንዲሁ ብለውኛል።»

«ቢጫ እኮ አያረጅም፣ እመቤቴ!»

አልሳቀችም። የሳምንቱን ማጠቃለያዎች ቅጂ ወስዳ ለወዳጅ አገር የመረጃ መሥሪያ ቤት በሚሄደው ፖስታ ከተተች። በየዓርቡ እኛ የኛን እንልክላቸዋለን፣ እነሱም የነሱን ይልኩልናል። የሹፌሩም ነገር በዚያው ሄደች። እንግዲህ እነሱም ጥሩ አጻጻፍ ይልመዱ።

እሑድ 10

ልጄ ለአንድ ቀን ፈቃድ መጣች! መቶ አለቃ ናት፤ መሐንዲሶች ክፍል፣ ተንሳፋፊ ድልድይ የሚዘረጉት። ሥሯ ሠላሳ አንድ ሰው አለ። በር ላይ ቆሜ ሰላምታ ሰጠኋት፤ እሷም ኮስተር ብላ መለሰችልኝ፤ ከዚያ ሁለታችንም ሳቃችን አመለጠን። እናቷ «እናንተ ልጆች፣ ምሳው ቀዘቀዘ» አለች።

ምሳ ላይ ልጄ ወንዙን ስታወራ ዓይኗ ይበራል። «ድልድይ እስከ ወሩ መጨረሻ ድረስ ነው የሚዘረጋው፣ አባዬ። ከዚያ በኋላ ዝናቡ ሲገባ ወንዙ ድልድዩን እንደ ገለባ ነው የሚወስደው። የሚታዘዝ ነገር ካለ አሁን ቶሎ ይታዘዝ።»

«ሲታዘዝ መጀመሪያ የምትገቡት እናንተ ናችሁ ማለት ነው?» አለች እናቷ።

«ድልድይ ሳይዘረጋ ማን ይሻገራል፣ እማዬ?»

ባለቤቴ ዝም አለች። የሒሳብ አስተማሪ ስለሆነች ዝም ስትል የሆነ ነገር እያሰላች ነው።

ልጄ ቀጠለች። ከሰፈሩበት ጉብታ ላይ ማዶውን ከተማ በመነጽር ያዩታል። «ቀኑን ሙሉ የሚታየው ሰልፍ ነው። ሴቶች ጀሪካን ይዘው፣ የውኃ መኪና እስኪመጣ። ጦር መሣሪያ የሚባል አላየሁም።» እኔም ከአንድ ጉብታ ላይ የሚታይ ነገር መረጃ እንዳልሆነ፣ መረጃ ማለት ከየአቅጣጫው ተሰብስቦ የተጣራ ነገር መሆኑን አስረዳኋት። «እሺ ጌታዬ!» ብላ ግንባሬን ሳመችኝ። በእውነት ልቤ ቅቤ ጠጣ።

ሐሙስ 14

ከምክር ቤቱ ስብሰባ መልስ። ከግድግዳው ሥር ካሉት ወንበሮች አንዱ የኔ ነው፤ ተጠይቄ ካልሆነ አልናገርም።

የመከላከያው ጄኔራል ካርታ ዘረጋ። አስቀድመን ካልመታን አርባዎቹ ሮኬቶች በአንድ ጠዋት ዋና ከተማችንን ያነዷታል አለ። የመረጃው ሹም «እህህ» ብሎ ጉሮሮውን ጠረገ። ይህ ሰው ጉሮሮውን ሳይጠርግ እውነትም ሐሰትም አይናገርም፤ ስለዚህ የትኛው እንደሆነ በጉሮሮው አይለይም። «ነገሩ የተረጋገጠ ያህል ነው» አለ።

ፕሬዚዳንቱ የኔን ገጽ በጣታቸው መታ መታ አደረጉ። «ያህል አልፈልግም። አንድ ሰው ያየውን ይዤ የሰው ልጅ ወደ እሳት አልልክም። ከሌላ ወገን ሁለተኛ ምንጭ አምጡልኝ። ሁለት ካለ እወስናለሁ። ከሌለ ዝናቡ ይግባና እንደራደራለን።»

እሰይ! እንዲህ ያለ መሪ ነው ያለን። የልጄ ነገር ሲሆን በልቤ ዝናቡ ቶሎ በገባ አልኩ። ወዲያው ራሴን ገሠጽኩ። የመንግሥት ሥራና የቤት ነገር አይቀላቀልም።

ሰኞ 18

ጥድፊያ። ሦስት መቶ አሥር ገጽ። ምሳ አልበላሁም። ሁለተኛ ምንጭ የለም። ሹሙ ኮሪደር ላይ ለጄኔራሉ «ይመጣል፣ ይመጣል» ሲለው ሰማሁ። እንደ ታክሲ።

ልጄ አልደወለችም።

ዓርብ 22

መጣ! ሁለተኛው ምንጭ መጣ! ያውም ከወዳጆቻችን!

የዓርቡ ፖስታ ሲከፈት ከላይ የተቀመጠችው እሷ ናት። «እጅግ አስተማማኝ ከሆነ ምንጭ እንደተረዳነው በባቡር ጣቢያው የተከማቹት አርባ ሮኬቶች ሸራ ለብሰው ቀናቸውን እየጠበቁ ነው።» ቁጥሩ እንኳ አንድ ነው! አጻጻፉንም ወደድኩት። እንዲህ ነው መጻፍ፤ እኔ ራሴ ከዚህ የተሻለ አልልም ነበር። እነዚህ ሰዎች ድሮ እንጨት እንጨት የሚል ነበር የሚጽፉት፤ ተሻሽለዋል።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ ወዳጅ አገር ያለው ኤምባሲያችን «እዚህ ያሉ ባለሥልጣናት ስለ አርባ ሮኬቶች ነግረውናል» ብሎ ቴሌግራም ላከ። ሦስተኛ! ሹሙ ቢሮዬ ድረስ መጥቶ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። እሱ ሰው ትከሻ የሚነካ ሰው አይደለም።

ማታ ራት በልተን ባለቤቴ የፈተና ወረቀት እያረመች ሳለ አጉረመረመች። «እነዚህ ሁለቱ ተኮራርጀዋል።»

«ሁለቱም መልሱን ቢያውቁትስ? ለምን ሰው ትጠረጥሪያለሽ?»

«ትክክለኛ መልስማ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው። ስህተታቸው እስከ ነጠላ ሰረዙ አንድ ዓይነት ሲሆን ነው የማውቀው።»

ይህቺ ሴት በእውነት መርማሪ መሆን ነበረባት። ተኛሁ።

ማክሰኞ 26

የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ ገብታ በሩን ከኋላዋ ዘጋች። እንዲህ አድርጋ አታውቅም።

«አቶ መቀስ፣ የወዳጆቻችን ወረቀት ቢጫ የለውም።»

«የነሱ ቢጫ እነሱ ጋ ነው ያለው።»

«አዎ። ስለዚህ ጠየቅኳቸው። እነሱም ጋ እንደኔ ያለች አንዲት ሴትዮ አለች፤ በስልክ ብቻ ነው የምንተዋወቀው፣ አሥራ ስድስት ዓመታችን። የምንጩን ቁጥር ብቻ ንገሪኝ አልኳት።» ትንሽ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። «ነገረችኝ።»

ቁጥሩን አየሁት። የኔው ማጠቃለያ ቁጥር ነው። የረቡዕ 6።

ሴትዮዋ መሳቢያዬን ራሷ ከፍታ የሹፌሩን ቢጫ ከነሌሎቹ አወጣች፤ ሦስቱን ገጽም ከመዝገብ ቤት ይዛ መጥታለች። መነጽሯን አድርጋ እንደ ደብዳቤ አነበበችልኝ፦ «እኔ ያየሁት ሸራውን ነው። እየነዳሁ ነበር፣ ከሩቅ ነው። ሮኬት ነው ያለኝ ዘበኛው ነው፣ እሱም እየሳቀ ነበር። ከተማው ውኃ የለውም፤ ቧንቧም ይሆናል።»

«ሁለት ምንጭ የለንም» አለች። «ሦስትም የለንም። አንድ ሹፌር ነው ያለን። እሱም ሮኬት አላለም።»

«መነሻው አንድ ነው ማለት ውሸት ነው ማለት አይደለም» አልኳት። ይህን ስል ድምፄ ደህና ነበር። አሁንም አምንበታለሁ። አርባ ነገር በሸራ ሸፍኖ የሚያስቀምጥ ሰው የሆነ ነገር ይደብቃል።

«እሱን እርስዎ ያውቃሉ። እኔ የማውቀው ፕሬዚዳንቱ ሁለት እንደጠየቁ ነው።» ቢጫዎቿን ሰብስባ ቆጥራ ሄደች። የሹፌሩን ብቻ ጠረጴዛዬ ላይ ትታልኛለች።

ወዲያው ሹሙ ጋ ሄድኩ። ማንም ወደኋላ አለ እንዳይለኝ ይህን በግልጽ ልጻፍ፤ ወዲያው ነው የሄድኩት። ሰማኝ። «እህህ» አለ። «አሁን? ጄኔራሉ ድልድዮቹን አስጭኖ ወንዝ ዳር አድርሷል። ሐሙስ ውሳኔ ነው። አንተ ራስህ ‹ሮኬቶች› ብለህ የጻፍከውን እኔ ምን ብዬ ላርመው?» ከዚያ ለስለስ ብሎ፣ «ጸሐፊው አንተ ነህ። ማረሚያ አለኝ ካልክ ጻፈው። እኔ አልከለክልህም» አለኝ።

እውነቱን ነው። ጸሐፊው እኔ ነኝ።

ረቡዕ 27

ማረሚያውን ጻፍኩት። ዘጠኝ መስመር። ደህና አድርጌ ነው የጻፍኩት፦ ሹፌሩ፣ ሸራው፣ ዘበኛው፣ ቧንቧው፣ የወዳጆቻችን ወረቀት ከኛው መቀዳቱ። አንድም የተደበቀ ነገር የለም። እንዲህ ያለ ሐቀኛ ጽሑፍ በሃያ ስድስት ዓመቴ አልጻፍኩም ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ችግሩ የሐሙሱ ገጽ ሙሉ ነው። የድልድዩ ቦታ አለ፤ የወንዙ ከፍታ አለ፣ ሁለት ሜትር ከአርባ፤ የአየር ጠባይ አለ፤ የጄኔራሉ ሰዓት አለ። ዘጠኝ መስመር ለማስገባት የትኛውን ላውጣ? ወንዙን? ወንዙ የልጄ ሕይወት ነው። የአየሩን? ያንን ባወጣ ጄኔራሉ ደም ይተፋል። ሮኬቶቹን ራሳቸውን ባወጣ ደግሞ ስብሰባው ለምን እንደተጠራ የሚያውቅ አይኖርም።

ሁለት ሰዓት ተቀመጥኩ። በመጨረሻ «አባሪ» ብዬ በሁለተኛ ገጽ አያያዝኩት። አንደኛው ገጽ ታች ላይም «አባሪውን ይመልከቱ» ብዬ ጻፍኩ። በጽሑፍ ሰጥቻለሁ። ከዚህ በላይ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ምን ያደርጋል?

ማንበባቸው አይቀርም። ነገሩ እንደሌላ ቀን አይደለም እኮ።

ሐሙስ 28

እጽፈዋለሁ።

ሁሉም ገጻቸውን ይዘዋል። ጄኔራሉ ተናገረ፣ የውጭ ጉዳዩ ተቃወመ፣ ጄኔራሉ ደገመው። ፕሬዚዳንቱ ሁሉንም ሰሙ። ጠዋት ጠዋት የሚያነቡበት መነጽር አፍንጫቸው ላይ ነው። አንደኛውን ገጽ ሁለቴ አነበቡት፤ በዓይኔ ነው የተከታተልኩት። ታች ደረሱ።

«ሁለት ምንጭ ብዬ ነበር» አሉ።

ሹሙ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሦስት አለን፣ ክቡር ፕሬዚዳንት።»

ፕሬዚዳንቱ ጠረጴዛውን አሻግረው እኔን አዩኝ። ከግድግዳው ሥር ያለ ሰው እንዲህ ታይቶ አያውቅም። «መቀሱ፣ የጎደለ ነገር አለ?»

«አባሪ አለው፣ ክቡር ፕሬዚዳንት።»

ፈገግ አሉ። ደክሟቸዋል፤ ሳምንቱን ሙሉ እንዳልተኙ ፊታቸው ይናገራል፤ ቢሆንም ፈገግ አሉልኝ። «ቢጠቅም ኖሮ አንደኛው ላይ ይሆን ነበር። አይደል?»

ጠረጴዛው ሁሉ ሳቀ። የጨነቀው ሰው እንደሚስቀው፣ ከልክ በላይ። ጄኔራሉ ዓይኑን በመሐረብ ጠረገ።

እኔም ሳቅኩ።

ፈረሙ። ቅዳሜ ሲነጋ።

ዓርብ 29

መቆም ነበረብኝ? ቆሜ «አይ፣ ይጠቅማል» ማለት ነበረብኝ? ለመናገር ሁለት ሰከንድ ነበር። በሁለት ሰከንድ ዘጠኝ መስመር አይነገርም።

አንድ ቃል ግን ይነገራል። «ቧንቧ» አንድ ቃል ነው።

ይሁን። የተማሩ ሰዎች፣ ልምድ ያላቸው ሰዎች ተሰብስበው የወሰኑት ነው። ሮኬትም ሊሆን ይችላል። ሊሆን ይችላል እኮ! አሥራ ሁለት ሰዎች የኔን አንድ ወረቀት ብቻ ይዘው አይደለም የወሰኑት።

ልጄ ደወለች፤ መስመሩ ይንጫጫል። «አባዬ፣ ነገ ሥራ አለን።»

«አውቃለሁ።»

«አንተማ ምን የማታውቀው አለ!» ሳቀች። «ለእማዬ እደውላለሁ ብላለች በላት። ስለ ነገ ግን አትንገራት።»

«ልጄ—» አልኩ። ከዚያ በመንግሥት ስልክ ላይ ምን ይባላል? «ድልድዩን ሲዘረጉ ወደ ዳር ሁኚ» አልኳት።

«ድልድይ ሲዘረጋ ዳር የለውም፣ አባዬ» አለችኝ።

ቅዳሜ 30

ሬዲዮኑ ጠዋት አወጀ። ሚኒስትሩ መግለጫ ሲሰጥ «ሸራ ለብሰው ቀናቸውን ሲጠብቁ የነበሩ አርባ ሮኬቶች» አለ። በጥሩ ድምፅ ነው ያነበበው፤ ዓረፍተ ነገሬ ደህና ወጣች። ባለቤቴ እጇ ላይ የነበረውን ብርጭቆ አስቀምጣ አየችኝ። ከዚያ ወዲህ አላናገረችኝም።

እሑድ 1

ምንም ወሬ የለም። የጦሩ ወረቀት «ድልድዩ ተዘርግቷል» ይላል። ከዚያ በላይ የለውም። የማሳጥረው ነገር አጣሁ።

ማክሰኞ 3

በሕይወት አለች! በሕይወት አለች፣ በሕይወት አለች። ግራ እጇ ቆስሏል እንጂ ደህና ናት። ባለቤቴ ወለሉ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች፤ እኔም አጠገቧ። ሁለት ሽማግሌ ሰዎች መሬት ላይ። ለዛሬ ሌላ ምንም አልጽፍም።

ዓርብ 6

ስለ ሮኬቶቹ የሚጠይቅ የለም። አዲሱ ወሬ የማዶዎቹ መልሶ ማጥቃት ነው። ወንዙ ሞልቷል፤ ከማዶ ያለው ጦራችን እንዴት እንደሚመለስ ነው አሁን ጭንቁ። የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ ኮሪደር ላይ አልፋኝ ስትሄድ ሰላም አለችኝ እንጂ ቢጫ አልጠየቀችኝም። ብትጠይቀኝ ይሻለኝ ነበር።

እሑድ 15

ልጄ ቤት መጣች።

ክንዷ በጨርቅ ታስሯል። ከስታለች። ሰላምታ ልሰጣት እጄን ሳነሣ አየችኝና እጄ እዚያው አየር ላይ ቀረ። ምሳ በላን። እናቷ ሥጋ ቆራረጠችላት፣ እንደ ሕፃን። ከምሳ በኋላ እናቷ ውኃ ልታመጣ ተነሣች፣ ልጄ ያኔ ነው የጀመረችው።

«ቧንቧ ነው፣ አባዬ።»

ወንበሬን ወደ እሷ ሳብኩ።

«ጣቢያው ድረስ ሄጃለሁ። እኔ ራሴ ነኝ ሸራውን የገለጥኩት። የውኃ ቧንቧ ነው፣ አዲስ፣ አርባ ሁለት ቆጠርኩ። በከተማው በኩል ቦዩ ሁሉ ተቆፍሮ አልቋል።» ውኃው መጣ፤ አልጠጣችም። «ዘበኛው የሞተ መስሎኝ ነበር። የቆሰለ ነው። ለምን መጣችሁ አለኝ።»

እናቷ ልትመለስ ስትል በሩ ላይ ቆማ ቀረች።

«ሌሊት ልንነሣ ስንል አዛዣችን ወረቀት አነበበልን። ለምን እንደምንሻገር እንድናውቅ። ‹ሸራ ለብሰው ቀናቸውን እየጠበቁ ነው› የሚለው ላይ ሲደርስ ያንተ እንደሆነ ወዲያው አወቅሁ። ሌላ ሰው እንዲህ አይጽፍም።» ልትስቅ ሞከረች። «ልጆቹ ፈርተው ነበር። አንዱ ‹መቶ አለቃ፣ በእርግጥ ግን አለ?› አለኝ። ‹አትፍሩ› አልኳቸው። ‹ይሄን የጻፈውን ሰው አውቀዋለሁ። ያላረጋገጠውን አይጽፍም።› አመኑኝ። ከዚያ በኋላ የጠየቀኝ የለም።»

ከሠላሳ አንዱ አሥራ አንዱ ድልድዩ ላይ ቀርተዋል።

ምን ልበላት? ተነሥቼ ወደ መጻፊያ ክፍሌ ሄድኩ፤ የአባሪውን ቅጂ ከመሳቢያው አውጥቼ ሰጠኋት። እንድታውቅ ፈልጌ ነው። እኔ አሳውቄ እንደነበር፣ በጽሑፍ፣ ከመሻገራቸው ከሦስት ቀን በፊት። እውነቱን ለመናገር እንድታመሰግነኝም ሳልፈልግ አልቀረሁም።

ቀስ ብላ አነበበችው። ዘጠኙንም መስመር። ሹፌሩን፣ ዘበኛውን፣ ቧንቧውን። ስትጨርስ ከላይ ያለውን ቁጥር አየች። 2 ይላል።

«ይሄ ለምን አንደኛው ገጽ ላይ አልሆነም?»

«ቦታ አልበቃም» አልኳት።

ከዘጠኙ መስመር በታች ያለውን ወረቀት አየችው። ባዶ ነው። ከዚያ እስክሪብቶዬን ከደረት ኪሴ አወጣችና፣ ወረቀቱን በቆሰለው ክንዷ ጠረጴዛው ላይ ይዛ፣ ባዶው ላይ ስም መጻፍ ጀመረች። አንድ በአንድ፣ ከነአባት ስማቸው፣ ሳትቸኩል። እናቷ ከበሩ መጥታ ከጀርባዋ ቆመች።

አሥራ አንዱም ገቡ። ቦታም ተረፈ።